ቃል አልባ ፌዝ፦ በማንጋ እጅ፣ በአበሻ ቤት

ቃል አልባ የፌዝ ካርቱን የታወቀ ታሪክን ወይም የአሳሳል ልማድን ወስዶ አንድም ፊደል ሳይጽፍ ያሾፍበታል። በጃፓን ሥሩ ጥልቅ ነው። የኪዮቶው የኮዛንጂ ቤተ መቅደስ ንብረት በሆኑት የ12ኛውና የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጥቅልል ሥዕሎች እንቁራሪት እንደ ቡድሃ ተቀምጣ፣ ጦጣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ትጸልይላታለች። የአምልኮ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ ሳይሻ ይስቃል። በዘመናችን ደግሞ ማሳሺ ታናካ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው «ጎን» የተባለው የትንሽ ዳይኖሰር ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ንግግርም የድምፅ ጽሑፍም የለውም።

ጀማሪዎች ዘወትር «ዷ!» ወይም «ጧ!» ብሎ መጻፍ ቃል ከመጻፍ ይቆጠራል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አይቆጠርም የሚሉ ሠዓሊዎች ጥቂት አይደሉም፤ ድምፅ ነው ይላሉ። ምክንያታቸው ግን ውኃ አያነሣም። ፊደል በገባበት ሳጥን ዓይን ማየቱን ትቶ ማንበብ ይጀምራል፤ ፊደሉን የማይለይም ከሣቁ ውጭ ይቀራል። ኃይለኛ ምት ማሳየት የፈለገ የተሰነጠቀ ግንድና የበረገገ ወፍ ይሣል። ድምፁን ተመልካቹ ራሱ ይሰማዋል።

ቃል ከወጣ በኋላ ሸክሙ በምልክት ላይ ይወድቃል። ማንጋ እፍረትን በግንባር ላይ በሚንጠባጠብ ላብ፣ ንዴትን በተገታተረ ደም ሥር፣ እንቅልፍን ከአፍንጫ በሚወጣ አረፋ ያሳያል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የራሱ ሕግ አለው፤ ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይን ያያል፣ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሁለቱን የሚያውቅ ሠዓሊ የአኒሜ (የጃፓን ተንቀሳቃሽ ካርቱን) ጨካኙን በጎን በአንድ ዓይን ቢሥለው፣ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሁሉ ሰውየው ማን እንደሆነ ያውቃል።

ፌዝ የሚሳካው ግን መስመሩ ለመጀመሪያው ሥራ ሲታመን ነው። የአኪራ ቶሪያማ «ድራጎን ቦል» ጀግና ኃይሉ ሲጨምር ጸጉሩ ወርቃማ ሆኖ ይቆማል። ቶሪያማ እንደተናገረው፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ረዳቱን የጀግናውን ጸጉር በጥቁር ቀለም ከመሙላት ማሳረፍ ነበር፤ በማንጋው ገጽ ላይ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ያልተረዳ ቀልደኛ ጸጉሩን ያንጨባርራል፤ የተረዳው ግን ባዶውን ነጭ ቦታ ጠብቆ ሌላው ነገር ላይ ያሾፋል።

ሌላው ችግር የንባብ አቅጣጫ ነው። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ ፊደል በሌለበት ገጽ መጀመሪያው የት እንደሆነ የሚናገር የለም። መፍትሔው ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ባለ አራት ሳጥን ስልት ነው። አንደኛው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ያስፋፋል፣ ሦስተኛው ያዞራል፣ አራተኛው ይቋጫል። የቡና ሥርዓት ለዚህ እንደ ተሠራ ነው። በአቦል ቡና የምታፈላው እናት ጸጉር ከነጠላዋ ሥር ነቅነቅ ይላል። በቶና ይቆማል፣ ሲኒዎቹም ከረከቦቱ ይነሣሉ። በበረካ፣ እንደ «ድራጎን ቦል» ጀግና ሦስተኛ ለውጥ፣ ጸጉሯ ወገቧ ደርሶ ቅንድቧ ይጠፋል። በአራተኛው ሳጥን እኩለ ሌሊት ነው፤ ቡናውን የጠጣው እንግዳ ቅንድብ አልባ ሆኖ ጣሪያ ላይ አፍጥጧል።

የአሜሪካዋ አትላንታም ለዚህ ሙያ ባዳ አይደለችም። «ድራጎን ቦል ዚ»ን ለአሜሪካ ልጆች ያለማመደው የ«ቱናሚ» ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው እዚያ ነው፤ አኒሜን የሚያላግጠው «ፐርፌክት ሄር ፎርኤቨር»ም እ.ኤ.አ. በ2004 ከዚያችው ከተማ ወጣ። እሱ ግን በወሬ የሚያስቅ ነው።

ወሬ ግን በአትላንታ አጠገብ ባለችው በታከር አይበቃም። በዚህችና በአጎራባቿ ክላርክስተን ባሉ የአበሻ ቤቶች አማርኛ ብቻ የምታነብ አያትና እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። በመሃላቸው ያለው ወላጅ ደግሞ በአዲስ አበባ የጃፓን ካርቱንን፣ ዐረብኛ ሳይሰማ፣ በዐረብኛ ቅጂ አይቶ ያደገ ሊሆን ይችላል፤ ታሪክን ከፊትና ከእጅ ማንበብን ያኔ ለምዶታል። አያት በበረካው ትስቃለች፣ ልጁ በጸጉሩ፣ ወላጁ በሁለቱም። ከሦስቱ አንዱ «ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ ሠዓሊው መግለጫ አይጨምር፤ ሥዕሉን እንደገና ይሥል።