ማንም የማያየው ጠባቂ

የገና አባት፣ የፋሲካ ጥንቸል፣ የወለቀ ጥርስ ሰብሳቢዋ ክንፋምና እንቅልፍ አምጪው የአሸዋ ሰው በምዕራቡ ዓለም የልጆች ትረካ በየፊናቸው የኖሩ ገጸ ባሕርያት ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር ቢገናኙ ምን ያወራሉ? ምንስ ያጣላቸዋል? በፒተር ራምዚ አዘጋጅነት ድሪምወርክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ለእይታ ያበቃው «ራይዝ ኦፍ ዘ ጋርዲያንስ» የተሰኘ የአኒሜሽን ፊልም የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። መነሻው የዊሊያም ጆይስ የልጆች መጻሕፍት ናቸው፤ የፊልም ጽሑፉ የዴቪድ ሊንዚ-አቤር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» በዓላትን በየራሳቸው ከተማ ለያይቶ፣ የሌላውን ደጅ የደፈረ የሚያደርሰውን ጥፋት ያሳየን ነበር። ራምዚ ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። የእሱ ገጸ ባሕርያት የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ የሚያስተሳስራቸውም አንድ የጋራ ስጋት ነው። በገና አባት አዳራሽ ውስጥ አንድ ትልቅ ሉል ይታያል፤ በላዩ የበራው እያንዳንዱ ነጥብ በእነሱ የሚያምን አንድ ልጅ ነው። ነጥቦቹ ሲጠፉ ኃይላቸው ይከዳቸዋል። ግዙፉና ተፋላሚው የፋሲካ ጥንቸል እምነት ሲነጥፍ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ጥንቸል ይሆናል። የፊልሙ መዋቅር የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ብርቱ የሚመስሉት ሁሉ ኃይላቸውን ከልጆች የተበደሩ ናቸው።

ለእያንዳንዱም አንድ አደራ ተሰጥቶታል፤ ለአንዱ ተስፋ፣ ለሌላው ሕልም፣ ለጥርስ ሰብሳቢዋ የልጅነት ትዝታ። የገና አባት የራሱን አደራ የሚገልጸው በአንዱ ሆድ ሌላው በተከተተ የእንጨት አሻንጉሊት ነው። የውጪው አስፈሪ ነው፤ ሲከፈት ደስተኛው ይወጣል፤ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ዓይኗ የፈጠጠ ጣት የማታህል ሕፃን ትቀራለች። አደራው መደነቅ ነው። ረጅም ምልልስ የማይችለውን የገጸ ባሕርይ አሣሣል አንዲት ቁስ ስትሸከመው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። የአሸዋው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይናገርም፤ ሐሳቡ ከራሱ በላይ በወርቃማ አሸዋ ይሣላል፤ ሲወድቅም የሚከተለው ጸጥታ ከየትኛውም ንግግር ይልቅ ይከብዳል።

ጥንቸሉና የገና አባት የማን በዓል ይበልጣል ብለው ይከራከራሉ። የፊልሙ ዓለም ለገና ያደላል። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ የፋሲካን ሌሊት የሚጠብቅ የኛ ሰው ግን ሳያመነታ ከጥንቸሉ ጎን ይቆማል፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

የፊልሙ ልብ ግን ጃክ ፍሮስት ነው፤ በዓል የሌለው የውርጭ ልጅ። በመክፈቻው ከበረዶ ሐይቅ ወጥቶ ወደ መንደር ሲገባ አንድ ሕፃን እየሮጠ በአካሉ ውስጥ ያልፋል። ጃክ ደረቱን ይይዛል። ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ማንም አያየውም። በፋሲካ ማለዳ እንቁላል ያጡ ልጆች በዚያው ዓይነት በጥንቸሉ ውስጥ ሲያልፉ፣ ፊልሙ ያንን ሕመም ሳያብራራ በምስል ብቻ ይደግመዋል። ኋላም ጃክ የጠፋ ትዝታውን ያገኛል፤ በረዶው ከእግሯ ሥር እየተሰነጠቀ የፈራች እህቱን «ሰኞ ማክሰኞ» እንደሚጫወቱ አድርጎ፣ እርምጃ እያስቆጠረ አድኗት፣ ራሱ ሰጥሞ ነበር። ጨዋታ አደራው የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ምክንያትና ውጤት እንዲህ ሲገጥሙ ተምሳሌቱ ከላይ የተለጠፈ አይመስልም።

ሁሉም ግን እንዲህ አልተሠራም። ሁለተኛው አጋማሽ ሰይፍና ቡመራንግ ያበዛል፤ የትዝታና የተስፋ ጠባቂዎች የነበሩት የተዋጊ ጓድ ይሆናሉ። ጥርስ ሰብሳቢዋ የትዝታ ቤቷ ከተዘረፈ በኋላ በሴራው ውስጥ የሚገባትን ያህል ሥራ አልተሰጣትም። የአሸዋው ሰው መመለስም የሞቱን ክብደት ያቀልለዋል። ሉሉ የዓለምን ልጆች ሁሉ ሲያሳይ፣ ጠባቂዎቹ የአንድ አካባቢ ተረት ልጆች ብቻ ናቸው። ጥርስ የምትለቅም አንዲት አይጥ ብቅ ስትል የአውሮፓው ክፍል ባልደረባ እንደሆነች ይነገረናል፤ የወተት ጥርሱን ጣሪያ ላይ ወርውሮ ላደገ ተመልካች ያ ደጅ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋበታል። ፊልሙ በዚያ ደጅ ገባ ብሎ ቢሆን ዓለሙ በእውነት ዓለም ይሆን ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ግን ፒች ነው። የፍርሃት ጌታ የሆነው ይህ ባላንጣ፣ በደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ ለጃክ ያለመታየትን ስቃይ እንደሚያውቅ ሲነግረው እናምነዋለን፤ የሁለቱ ግጭት የመንትዮች ግጭት ይሆናል። በጡዘቱ ግን ፍርሃታቸውን ያሸነፉ ልጆች በፒች አካል ውስጥ ሮጠው ያልፋሉ፤ በመክፈቻው ልባችንን የሰበረው ትዕይንት እዚህ የድል ማብሰሪያ ሆኖ ይቀርባል። ፒች በገዛ ቅዠቶቹ ወደ ጉድጓዱ ይጎተታል። ሦስት መቶ ዓመት ያልታየው ልጅ ያንን ቁስል ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን የአሸናፊ ቃል ነው።