ውርዝልያ በክታብና በአስፈሪ መጽሔት

በ1969 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር) ዋረን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ «ቫምፒሬላ» የሚል መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ውስጡ በጥቁርና በነጭ ሥዕል የተሞላ፥ ነገሩም አስፈሪ ነው፤ ባለታሪኳም ደም እንደ ውሃ ከሚፈስበት ከሌላ ዓለም የመጣች ደም ጠጪ ሴት ናት። በ1954 የወጣው የአሳታሚዎች ደንብ በባለቀለሙ የሥዕል ታሪክ ላይ ደም ጠጪን ሲከለክል፥ በመጽሔት መጠን የሚታተመውን አልነካም ነበርና፥ አስፈሪው ታሪክ ቀለሙን ጥሎ በዚህ በር ገባ። እስከ 1983ም ቈየ።

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው የምሥራቅ ጐጃም አገር፥ እነ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ በሚገኙበት፥ የዚህች ሴት ታላቅ እኅት ከጥንት ጀምሮ ትታወቃለች። ስሟ ውርዝልያ ይባላል፤ መጽሔቷም ደብተራው በባለቤቲቱ ቁመት ልክ ቈርጦ በጥቁርና በቀይ ቀለም የሚጽፈው የብራና ክታብ ነው። ውርዝልያ ሕፃናትን ትገድላለች። ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሊፈልጋት ይወጣል፤ በመንገድ አንዲት አሮጊት ይጠይቃል፤ በአጋንንት ተከባ ያገኛታል፤ ጸልዮም ጐኗን በጦር ይወጋታል። እርስዋም ስሙ ወደ ተጠራበት ቤት እንዳትደርስ በመላእክት ስም ትምላለች። ቤተ ክርስቲያን የአስማትን ጽሕፈት ብትነቅፍም፥ ሱስንዮስን ራሱን ሚያዝያ 26 ቀን በስንክሳር ታስበዋለች።

በሥዕልነቱ ሲመዘን ክታቡ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። አሮጊቲቱም መንገዱም የሉም፤ ፍጻሜው ብቻ ይታያል፤ ውርዝልያም ከፈረሱ እግር በታች ተጠቅልላ ትቀራለች። የሰዓሊው ድካም ሁሉ በዓይን ላይ ያረፈ ነው። ዣክ መርሲዬ በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፥ በበሽተኛዋ ዓይን የሚመለከተው ጋኔን ያን ሥዕል አይቶ ይሸሻል። እንግዲህ የሚፈራው አንባቢው ሳይሆን ጋኔኑ ነው ማለት ነው። ቫምፒሬላ ግን፥ ልብሷ እንደሚመሰክረው፥ ለወንድ ዓይን የተሣለች ናት፤ ፍርሃቱም የሚገዛ ጨዋታ ነው።

የመርሲዬ ትርጓሜ የሚያሳምን ነው። ሆኖም እርሱን ተከትሎ ክታብን በሙዚየም ግድግዳ ላይ ዘርግቶ እንደ ሥዕል ብቻ ማድነቅ የታሪኩን ግማሽ ያጠፋል። ክታብ ዕድሜውን የሚፈጽመው በአብዛኛው ተጠቅልሎ፥ በቆዳ ተሰፍቶ፥ በሴት አንገት ላይ ነው። በጸሎቱም ውስጥ የክርስትና ስሟ ይገባል፤ ስለዚህ ባለታሪኮቹ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዲቱ የምትገድል፥ ሁለተኛይቱ የወለደችው የሚሞትባት። ይህ መከራ ተረት አይደለም። በአማርኛ ሾተላይ የሚባለው፥ ዛሬ ሐኪሞች በእናትና በፅንስ ደም አለመስማማት የሚተረጕሙት ደዌ ነው፤ መከላከያው መርፌ ሥራ ላይ የዋለው በ1968፥ ማለት ቫምፒሬላ ከመውጣቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ልጅ በልጅ ላይ የቀበረች እናት በእጅዋ የነበራት ይኸው ብራና ነበር።

ክታብ ከአንዲት ወደ ሌላዪቱ ሲተላለፍ የፊተኛይቱ ስም ይፋቅና የኋለኛይቱ ይጻፍበታል። ሥዕሉን የሚያደንቅ ሰው ይህን ሻካራ ቦታ ዘልሎት ያልፋል። ሐያሲ ግን ከዓይኖቹ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባ እርሱን ነው፤ ቀለሙ ከተፋቀው ብራና ላይ ተንጠባጥቦ፥ ከአዲሲቱ ወለተ ማርያም በታች የአሮጊቲቱ ወለተ ጊዮርጊስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ደብዝዞ ይታያልና።