«ደም አንሶዎታል» ስለሚባለው ፍርድ፤ በቦሩ ሜዳ አካባቢ የደም ማነስ ምርመራ ላይ የቀረበ ሂስ

ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወቀው በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ነው። ያን ጊዜ በሜዳው ላይ የተከራከሩት ሊቃውንት ነበሩ። እኔ ዛሬ የማነሣው ክርክር ግን ከአንዲት የጣት ደም ጠብታ የመጣ ነው። ይኸውም አንድ ሰው «ደም አንሶዎታል» ሲባል፣ ይህ አነጋገር ምን ያህል የተረጋገጠ ፍርድ ነው? ፍርዱንስ ተከትሎ የሚሰጠው መድኃኒት የሚገባው ነውን? የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመርመር ነው።

ጸሐፊው ሐኪም አይደለም፤ ገና ተማሪ ነው። ሆኖም ጉዳዩን እንድመረምር ያደረገኝ በቤተ ዘመዴ የደረሰ ነገር ነው። በዕረፍት ጊዜ ቦሩ ሜዳ ወደምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሳለሁ፣ ራሷን እያዞራት፣ ሰውነቷም እየዛለ ሥራ መሥራት እንዳቃታት አገኘኋት። ወደ አንድ ጤና ድርጅት ሄዳ ጣቷን ተወግታ የደሟ ሄሞግሎቢን 12.5 ሆኖ ተገኘ። መርማሪዋ የከፍታ ሰንጠረዥ አውጥታ ከቀነሰች በኋላ፣ «አብሽሩ እናቴ፤ ደም አንሶዎት ነው» ብላ የብረት እንክብል ሰጠቻት። አክስቴም እንክብሉን እየዋጠች፣ ነጩን ጤፍ ትታ ቀዩን እየገዛች ወራት አሳለፈች። ማዞሩ ግን አልተዋትም።

፩. አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ

የመጀመሪያው ችግር ከቋንቋችን የሚነሣ ነው። «ደም ማነስ» የሚለው ስም በሕዝቡ አነጋገር ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው በሐኪሞች ዘንድ አኒሚያ የሚባለው፣ ኦክሲጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሕዋስ ወይም የሄሞግሎቢን መጉደል ነው። ሁለተኛው የደም ግፊት ዝቅ ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ከዚህም የባሰው የደም ግፊት ከፍ ማለት «ደም ብዛት» በመባሉ፣ ሰው ሁለቱን እንደ ጎደሎና እንደ ሙሉ እንስራ አድርጎ ያስባቸዋል። ደም ያነሰው ሰው ደም ሊበዛበት አይችልም ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አኒሚያም የደም ግፊትም ሊኖረው ይችላልና።

አኒሚያም ቢሆን ራሱ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። ትኩሳት ስላለ ብቻ በሽታው ወባ ነው እንደማይባል ሁሉ፣ ሄሞግሎቢን ስለጎደለ ብቻ የጎደለው ብረት ነው ማለት አይቻልም።

፪. የሕመም ስሜቶች የሚናገሩትና የማይናገሩት

ድካም፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ማዞር፣ የዐይን ቆብ ውስጥና የመዳፍ መንጣት ለሁሉም ዓይነት አኒሚያ የጋራ ናቸው። ስለዚህ መኖሩን ይጠቁማሉ እንጂ ዓይነቱን አይለዩም። የዐይን ቆብን ገልጦ ማየትም ጉድለቱ ከባድ ሲሆን ይረዳል፤ ቀላሉን ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፋል።

ዓይነቱን ለመለየት የሚጠቅሙት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ብረት የጎደለው ሰው አንዳንድ ጊዜ አፈር ወይም እንደ አፈር ያለ ነገር መብላት ያምረዋል፤ ጥፍሩም እንደ ማንኪያ ይሰረጉዳል። ቫይታሚን ቢ12 የጎደለው ሰው ምላሱ ይልጣል፣ እግሩን ይነዝረዋል፣ አረማመዱም ይናጋል። ቀይ ሕዋሳቱ እየፈረሱ ያሉ ሰው ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱም ሊጠቁር ይችላል። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የተመለሰ ጎልማሳ ትኩሳቱ ሳይለቀው ጣፊያው አብጦ ከተገኘ ደግሞ፣ ካላ አዛር የሚባለው በሽታ መጠርጠር አለበት። ይህ በሽታ ቀዩን ብቻ ሳይሆን ነጩን ሕዋስና ደም የሚያረጋውንም ጭምር ያሳንሳል።

ከዚህ የምንረዳው፣ «ከየት መጣህ? ምን ሠራህ? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» የሚለው ጥያቄ ከመርፌው የሚያንስ ምርመራ አለመሆኑን ነው። ቦሩ ሜዳ ብርድ ነው፤ ከኮምቦልቻ አልፎ ወደ ሐርቡ፣ ወደ ከሚሴና ወደ ባቲ የሚወርድ ሰው ግን ወባ ወዳለበት አገር ይገባል። በከሚሴ በኩል ቢልሃርዝያም አለ። በቆላ መንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። ስለዚህ የደገኛው ደም ማነስ ምክንያቱ ቆላ ሊሆን ይችላል።

፫. የሥጋ ደዌ መድኃኒት ምሳሌ

ለቦሩ ሜዳ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ይህ ነው። በስፍራው ያለው ሆስፒታል በመጀመሪያ በሚሲዮን የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዳፕሶን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ከመከረው የተጣመረ ሕክምና ውስጥም ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር ይገኛል። ዳፕሶን ሕይወትን የሚያድን መድኃኒት ቢሆንም፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያለ ጊዜያቸው የማፍረስ ጠባይ አለው። በተለይም ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኤንዛይም በተፈጥሮ የጎደለው ሰው ላይ ጉዳቱ ይበረታል።

እንግዲህ በዚህ መድኃኒት ላይ ያለ ሕመምተኛ ነጥቶና ደክሞ ቢመጣ፣ የሄሞግሎቢኑን ቁጥር ብቻ አይቶ ብረት መስጠት ምን ይጠቅመዋል? ከፈረሰው ሕዋስ የሚወጣውን ብረት ሰውነቱ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይሠራበታል። የጎደለው ብረት አይደለም፤ የሕዋሱ ዕድሜ ነው። ይህን የሚገልጠው ገና የተወለዱትን ቀይ ሕዋሳት፣ ማለት ሬቲኩሎሳይትን መቁጠር ነው። መቅኒው የፈረሰውን ለመተካት ሲሯሯጥ ቁጥራቸው ይጨምራል። ብረት ሲጎድል ግን መቅኒው መሥሪያ ስለሌለው እንደዚያ አይበዙም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሄሞግሎቢን ላይ ቢገናኙም በዚህ ምርመራ ይለያያሉ።

፬. አንድ ደም፣ ሦስት ፍርድ

አሁን ወደ ከፍታው ሰንጠረዥ እመለሳለሁ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የደገኛው ቁጥር ከቆለኛው ጋር እንዲመዛዘን ከተገኘው ላይ ጥቂት ይቀነሳል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ወሰኑ 12 ግራም በዴሲሊትር ነው፤ ከ11 እስከ 11.9 ቀላል፣ ከ8 እስከ 10.9 መካከለኛ፣ ከ8 በታች ከባድ አኒሚያ ይባላል።

ቦሩ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀድሞው ሰንጠረዥ በ2,500 ሜትር ላይ 1.3 ግራም ይቀንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲሱ መመሪያ ደግሞ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ላለው 1.8 ግራም ይቀንሳል። የአክስቴን 12.5 በዚህ ብናሰላው የሚከተለው ይገኛል። ሳይቀነስ 12.5 ነው፤ ጤነኛ ናት። በቀድሞው ሰንጠረዥ 11.2 ይሆናል፤ ቀላል አኒሚያ አለባት። በአዲሱ 10.7 ይሆናል፤ መካከለኛ አኒሚያ አለባት። ከደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ ከ2,000 ሜትር በታች ባለችው ኮምቦልቻ ኗሪ ብትሆንና ያው 12.5 ቢገኝባት ኖሮ፣ አዲሱ ሰንጠረዥ 1.1 ብቻ ቀንሶ 11.4፣ ማለት ቀላል፣ ይላት ነበር። ደሙ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን እንደ ወረቀቱ ይለዋወጣል።

ቅነሳው እውነተኛ የተፈጥሮ ሕግን የሚከተል ቢሆን ኖሮ ባልተቃወምኩት ነበር። ነገር ግን እዚሁ አገራችን የተገኘ ማስረጃ ጥያቄ ያስነሣል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በስሜን ተራራ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትመዋል። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር። ይህ በቆላ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙ የማይርቅ ሲሆን፣ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ ከሚኖሩት ደገኞች ግን በጣም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአማራ ደገኞች የሄሞግሎቢኑ ጭማሪ በባሌ ተራራ ከሚኖሩት ኦሮሞዎች ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ከፍታ ሁሉንም ሰው እኩል አይለውጥም። አዲሱ ሰንጠረዥ የብዙ አገሮችን መረጃ አጣምሮ የተሠራ ስለሆነ ለዓለሙ አማካይ ሊስማማ ይችላል፤ ለወሎ ደገኛ ግን ያልጨመረውን ሄሞግሎቢን ጨምሯል ብሎ ሊቀንስበት ይችላል።

ጉዳዩ የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች አኒሚያ አለባቸው የተባሉት እ.ኤ.አ. በ2005 27 ከመቶ፣ በ2011 17 ከመቶ፣ በ2016 24 ከመቶ ነበሩ። እነዚህ አኃዞች የከፍታ ቅነሳ የተደረገባቸው ናቸው። የቅነሳው መጠን ሲለወጥ አኃዙም አብሮ ይለወጣል፤ የማንም ሴት ደም ግን በዚያ ምክንያት አይለወጥም።

በዚህ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። «ሰንጠረዡን ብንተወው በእርግጥ የታመሙትን፣ በተለይ እርጉዞችንና ሕፃናትን እናሳልፋለን» ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ስሜንም ቦሩ ሜዳ አይደለም፤ እዚያ የተለካውን እዚህ እንዳለ መገልበጥ እኔ የምነቅፈውን ስሕተት መድገም ይሆናል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ይጣል አልልም። ሰንጠረዡ ለተጨማሪ ምርመራ መጥሪያ ይሁን እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይሁን እላለሁ። ነፍሰ ጡሮች በእርግዝና ክትትል የሚሰጣቸውን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል መውሰዳቸውም ይህ ሂስ የሚነካው አይደለም።

፭. ከቁጥሩ በኋላ ሊደረግ የሚገባው

ሁለተኛው እርምጃ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ብቻ አይደለም። የደም ሕዋስ መቁጠሪያ ባለበት ላቦራቶሪ የቀይ ሕዋሱ አማካይ መጠን በዚያው ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣል። ከ80 ፌምቶሊትር በታች ከሆነ ሕዋሱ አነስተኛ ነውና ብረት መጉደሉ ይጠረጠራል። ከ100 በላይ ከሆነ ቢ12 ወይም ፎሊክ አሲድ ይታሰባል። በመካከል ከሆነ የደም መፍሰስ፣ የሕዋስ መፍረስ፣ የኩላሊት ወይም የቆየ ሕመም ይመረመራል። መሣሪያው በሌለበትም ደምን በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት የሕዋሱን መጠንና ቅርጽ ያሳያል፤ የወባውንም ተውሳክ በዚያው ያጋልጣል። ሰገራ መመርመር ደግሞ የትሉን ዕንቁላል ያሳያል።

የብረት ጎተራን የሚለካው ፌሪቲን የተባለው ምርመራ ነው። በጤነኛ አዋቂ ሰው በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ብረት ጎድሏል። ይሁን እንጂ ፌሪቲን በኢንፌክሽንና በብግነት ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ እንዲህ ባለው ሕመምተኛ ወሰኑ ወደ 70 ከፍ ይላል። ይህን ያላወቀ መርማሪ ጎተራው ባዶ የሆነውን ሰው ሙሉ ነው ብሎ ይመልሰዋል።

ስለ ምግብም አንድ ቃል ላክል። «ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል» የሚለው እምነት ግማሽ እውነት ነው። የስዊድኑ ሐኪም ሆፍቫንደር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያውያን የብረት አመጋገብ በጣም ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ነገር ግን በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው በዐውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡናም ብረቱ እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ የሚበላው ብረት ብዛት ብቻውን «ብረት አልጎደለም» ሊያሰኝ አይችልም፤ ቀይ ጤፍ መግዛትም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

መደምደሚያ

አክስቴ በመጨረሻ በሌላ ስፍራ በሚገባ ተመረመረች። የቀይ ሕዋሷ መጠን ደህና ነበር፤ ፌሪቲኗም እንዲሁ፤ የብግነትም ምልክት አልተገኘባትም። የደም ግፊቷ ግን በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። በነዚያ ወራት ግፊቷን ያልተለካችው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ደም ያነሰኝ ሰው ደም ብዛት ከየት ይመጣብኛል ብዬ ነዋ ልጄ» አለችኝ። ከእንክብሉ ይልቅ የጎዳት ስሙ ነበር። ስም ከተሰጠ በኋላ እርሷም ሆነች መርማሪዎቿ ሌላ መፈለግ ትተዋልና።

በእኔ አስተያየት የሚያስፈልጉን ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ በደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖሩ ጤነኛ ሰዎች ሄሞግሎቢን በትክክል ተለክቶ የራሳችን ወሰን ይታወቅ፤ ይህ ተማሪዎችና መምህራን በኅብረት ሊሠሩት የሚችሉት ምርምር ነው። ሁለተኛ፣ «ደም ማነስ» የሚል ማንኛውም ውጤት ከምክንያቱ ጋር ይጻፍ፤ ምክንያቱ ካልታወቀም «ምክንያቱ ገና ያልተለየ» ተብሎ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ለሕመምተኛው በሚገባው አማርኛ፣ ደም ማነስና ደም ብዛት ተቃራኒዎች አለመሆናቸው ይነገረው። ይህ ሦስተኛው መሣሪያም ገንዘብም ስለማይጠይቅ ከነገ ጀምሮ ሊፈጸም ይቻላል።