የቀን ገደብና የበጎ ፈቃድ ሥራ
በቤት ኮምፒዩተሮች ስለሚካሔደው የተከፋፈለ ስሌት የቀረበ ሒስ

፩. መግቢያ

አንድ ታላቅ ስሌት በብዙ ሺህ ትናንሽ ክፍሎች ተከፍሎ፣ በልዩ ልዩ አገር በሚኖሩ ሰዎች ቤት ላሉት ኮምፒዩተሮች ሲታደልና ኮምፒዩተሮቹ ሥራ በሚፈቱበት ሰዓት ሲሰላ፣ አሠራሩ የበጎ ፈቃድ ስሌት ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ከቀደምቶቹ አንዱ ጊምፕስ ሲሆን፣ ከ1996 ጀምሮ ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ ቁጥር የማይካፈሉ ታላላቅ ቁጥሮችን ይፈልጋል። በ1999 በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተቋቋመው ሴቲ ኣት ሆም ከሰማይ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተሰበሰበውን ድምፅ እየመረመረ ሥራ ማደሉን እስካቆመበት እስከ መጋቢት 2020 ድረስ ቆይቷል። በ2000 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፎልዲንግ ኣት ሆም የፕሮቲንን አተጣጠፍ ያጠናል፤ በ2003 ከኦክስፎርድ የተነሣው ክላይሜትፕሪዲክሽን የአየር ጠባይን ለውጥ ይተነብያል። ቦይንክ የሚባለው የጋራ ፕሮግራም በ2002 ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ፕሮጄክቶች በአንድነት ለመሥራት ቻለ።

የአሠራሩን ጥቅም የሚክድ ሰው ያለ አይመስለንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ መኪና ሊወጣው የማይችለው ሥራ በብዙዎች ትከሻ ላይ ቀላል ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ከሥራው ክፍል ጋር ወደ ቤት አብሮ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የቀን ገደብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ገደብ ከየት እንደ መጣ፣ በእውነት የማን ፍላጎት እንደ ሆነና ሸክሙ በማን ላይ እንደ ወደቀ መመርመር ነው።

፪. ገደቡ ስለ ምን አስፈለገ

በመጀመሪያ ለፕሮጄክቶቹ ተገቢውን ፍርድ መስጠት ይገባል። በጎ ፈቃደኛ የቅጥር ውል የለውም። ኮምፒዩተሩ ሊበላሽ፣ ባለቤቱ ሊሰለች ወይም ፕሮግራሙን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሲለይም አይሰናበትም። ማእከላዊው ኮምፒዩተር የዘገየውንና ፈጽሞ የጠፋውን ለመለየት ከጊዜ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ በቦይንክ ሥርዐት እያንዳንዱ ፕሮጄክት ለሚያድለው ሥራ የመመለሻ ቀን ይወስናል፤ ቀኑ ሲያልፍ ያው ሥራ ለሌላ ሰው እንደገና ይታደላል። ብዙ ፕሮጄክቶች ደግሞ የውጤቱን እውነተኛነት ለማረጋገጥ አንዱን ሥራ ለሁለት ሰዎች ሰጥተው መልሱን ያስተያያሉ። የአንደኛው መዘግየት እንግዲህ ሥራውን በሰዓቱ የጨረሰውንም ሰው ያስጠብቀዋል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ገደብ የሌለው የማኅበር ሥራ ማለቂያ የለውም። የእኛም ወቀሳ ገደብ መኖሩን የሚመለከት አይደለም፤ የምንነቅፈው ገደቡ የቆመበት ምክንያት ለሠራተኛው አለመነገሩን ነው።

፫. በአንድ ስም የተጠሩ ሦስት ነገሮች

የቀን ገደብ የሚለው አንድ ስም ቢያንስ ሦስት የማይመሳሰሉ ነገሮችን አጣምሮ ይዟል።

የመጀመሪያው የሥራው ተፈጥሮ የሚጠይቀው ገደብ ነው። ፎልዲንግ ኣት ሆም ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዚያ የአንዱ ክፍል ውጤት የሚቀጥለው ክፍል መነሻ ስለ ሆነ፣ ሥራው እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። አንዱ ቀለበት ቢዘገይ የሚከተለው ሊጀመር አይችልም። ስለዚህ ፕሮጄክቱ ሁለት ቀኖች ይቈርጣል። የመጀመሪያው ሲያልፍ ሥራው ለሌላ ይታደላል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ግን መሠረታዊ ነጥቡን አያጣም። ሁለተኛው ሲያልፍ ሥራው ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው የመዝገብ ቤት ገደብ ነው። ማእከላዊው ኮምፒዩተር ያልተመለሰውን ሥራ ሁሉ በመዝገቡ ይዞ መቆየት አለበት፤ የመዝገቡም ቦታ የተወሰነ ነው። የሴቲ ኣት ሆም ጉዳይ ከዚህ ወገን ነው ለማለት ያስደፍራል። ከሰማይ የመጣው ድምፅ በዚህ ሳምንት ወይም በሚመጣው ወር ቢመረመር ለሳይንሱ የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ነው። ሥራ ማደሉ በ2020 ከቆመ በኋላም እንኳ የተሰበሰበው ውጤት ትንተና ለዓመታት ቀጥሏል። እንግዲህ በጎ ፈቃደኛውን ያጣደፈው የመዝገቡ ጥበት እንጂ የኮከቡ ጥሪ አልነበረም።

ሦስተኛው ለስሙ ያህል የሚቀመጥ ገደብ ነው። ክላይሜትፕሪዲክሽን በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ለአንድ ሥራ አንድ ዓመት ገደማ ይፈቅድ ነበር። ሥራው በርግጥ ረጅም ነበር፤ በ2006 ከቢቢሲ ጋር የቀረበው ሙከራ ከ1920 እስከ 2080 ያለውን የአየር ጠባይ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚያሰላ ስለ ነበረ ወራት ይፈጅ ነበር። ይሁን እንጂ የአንድ ዓመት ቀጠሮ ለብዙ ሰው ቀጠሮ እንደሌለ ይቈጠራል። ደግነቱ ፕሮጄክቱ ሌላ ዘዴ አግኝቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ስሌቱ ሳያልቅ በየምዕራፉ አጭር መልእክት ወደ ማእከሉ ይልካል፤ ለሠራውም መጠን ነጥብ ያገኛል። በመካከል ያቆመ ሰው እንኳ ድካሙ ሁሉ ከንቱ አይሆንበትም።

በአገራችን ገበሬ ደቦ ሲጠራ የሥራውን ቀን የሚወስነው ሰብሉና ሰማዩ ነው። ደቦ የወጣው ሰው ደመናውን በዐይኑ ያያል፤ ዝናብ ሳይመጣ እህሉ መነሣት እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ስለዚህ ጥድፊያው አያስቀይመውም። በበጎ ፈቃድ ስሌት ግን ደመናው ያለው በጠሪው ቤት ነው። የተጠራው ሰው የሚያየው በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ቀን ከሦስቱ ምክንያቶች ከየትኛው እንደ መነጨ አይነገረውም። ዋናው ጉድለት ይህ ነው እንላለን።

፬. የቤቱ ኮምፒዩተር ትግል

ቦይንክ ይህን ችግር በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ በስሌት ሊፈታው ሞክሯል። ሙከራው ብልህነት አለው፤ ወሰንም አለው።

ሁለት ፕሮጄክቶች ባሉበት ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙ እንደ ተለመደው ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰዓት እየሰጠ በተራ ያሠራቸዋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ኮምፒዩተር በቀን 4 ሰዓት ይበራል እንበል። ከሁለት ፕሮጄክቶች እያንዳንዳቸው የ30 ሰዓት ስሌት የሚጠይቁ ሁለት ሥራዎች ደርሰውታል፤ የሁለቱም ገደብ 14 ቀን ነው፤ መኪናውም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ነው። ጠቅላላው 60 ሰዓት ስለ ሆነ 15 ቀን ይፈጃል። በተራ ቢሠሩ ሁለቱም የሚያልቁት ወደ 15ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ይዘገያሉ። ቦይንክ ይህን አስቀድሞ በስሌት ሲያይ ተራውን ይተውና ገደቡ የሚቀርበውን ሥራ ያስቀድማል። ያን ጊዜ አንደኛው በ8ኛው ቀን ያልቃል፤ የሚዘገየው አንዱ ብቻ ይሆናል።

ይህ ቅርብ ቀጠሮን የማስቀደም ሕግ አዲስ አይደለም። ሊዩና ሌይላንድ የተባሉት ሊቃውንት በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ መኪና ላይ ሥራዎችን ሁሉ በጊዜያቸው ለማድረስ የሚያስችል አንዳች ሥርዐት ካለ፣ ይህም ሕግ እንደሚያደርሳቸው አስረድተዋል። ነገር ግን ከላይ ባየነው ምሳሌ 60 ሰዓት በ56 ሰዓት ውስጥ አይገባም፤ የማይቻለውን የሚያስችል ሕግ የለም። ደግሞም ሕጉ ሁልጊዜ ቢሠራበት አጭር ገደብ የሚሰጠው ፕሮጄክት ዘወትር እየቀደመ ረጅም ገደብ የሚሰጠውን ያስርበዋል። ቦይንክ ይህን ለማካካስ በቅድሚያ የተወሰደውን ጊዜ እንደ ብድር ቈጥሮ በኋላ ያስመልሳል። ቢሆንም ጨዋ ሆኖ ሰፊ ጊዜ የሰጠው ፕሮጄክት አበዳሪ፣ የተጣደፈው ተበዳሪ ሆኖ መኖሩ አልቀረም።

ከዚህም በላይ ትንበያው ሁሉ የተመሠረተው ባለፈው ልማድ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩ ከዕለቱ ምን ያህሉን እንደ በራና ምን ያህሉን ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተገናኘ ይመዘግባል፤ ሥራ የሚጠይቀውም በዚያ ልክ ነው። በቀን 12 ሰዓት ይበራ የነበረ ኮምፒዩተር ያን የ60 ሰዓት ሥራ በ5 ቀን ይጨርሳል ተብሎ ይገመታል። ባለቤቱ በፈተና ወራት ወደ 4 ሰዓት ቢያወርደው ግን ያው ሥራ 15 ቀን ይፈጃል። መኪናው ስለ ትናንት እንጂ ስለ ነገ የሚያውቀው የለም፤ ነገን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ እርሱን ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

፭. የበጎ ፈቃደኛው ጥፋትና የነጥቡ ነገር

ጥፋቱን ሁሉ በፕሮጄክቶቹ ላይ መጫን ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ፕሮግራሙ የብዙ ቀን ሥራ አስቀድሞ አምጥቶ ማከማቸትን ይፈቅዳል። ይህ ኢንተርኔት ለሚቋረጥበት ሰው የተሰጠ መፍትሔ ነበር። ብዙዎች ግን ግንኙነታቸው አስተማማኝ ሆኖ ሳለ ሥራ እንዳያልቅባቸው ብለው ብዙ ቀን የሚያሠራ ክምችት ይይዛሉ። ሳይነካ በወረፋ የሚቀመጥ ሥራ ለማንም አይጠቅምም፤ አብሮ የተሰለፈውንም ሰው መልስ ያዘገያል። ይህ ደቦ ላይ ሄዶ ማጭድ ይዞ እንደ መቀመጥ ነው።

ለዚህ ጠባይ አንዱ ምክንያት የነጥብ ፍቅር ነው። ፎልዲንግ ኣት ሆም በፍጥነት ለሚመልስ ሰው ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል። ተጨማሪውን ለማግኘት ተሳታፊው ቢያንስ 10 ሥራዎችን መፈጸምና ከተቀበላቸው ከመቶ 80 የሚሆኑትን በጊዜው መመለስ አለበት። የተጨማሪው መጠን ከፍጥነቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል። አንድ ኮምፒዩተር ከሌላው 4 ጊዜ ቢፈጥን በአንድ ሥራ 2 እጥፍ ነጥብ ያገኛል፤ በአንድ ቀን 4 እጥፍ ሥራ ስለሚሠራም የቀኑ ነጥብ 8 እጥፍ ይሆናል። ሥራው ሰንሰለት እንደ መሆኑ ለፈጣኑ ብልጫ መስጠት ምክንያት አለው። ሆኖም ብልጫው የሚከፈለው ለትጋት ሳይሆን በአብዛኛው ለመኪናው ዋጋ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። አሮጌ ኮምፒዩተሩን ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠራ ድኻ ተማሪ፣ ውድ መኪና ካለው ሰው ጋር ሲነጻጸር ከሥራው ድርሻ በታች ይቈጠርለታል።

፮. ከገደቡ ውጭ የሚቀሩት

ገደብ ሲወሰን አንድ ዐይነት ተሳታፊ በሐሳብ ይሣላል፤ መብራቱ የማይጠፋ፣ ኢንተርኔቱ የማይቋረጥ ሰው። ከዚህ ሥዕል ውጭ ያለው በራሱ ጥፋት ሳይሆን በአገሩ ሁኔታ ይቀጣል። በአገራችን በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላው አገር ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ያን ጊዜ ከአይንስታይን ኣት ሆም የ14 ቀን ሥራ የተቀበለ ሰው አዲስ አበባ ቢኖር፣ ስሌቱን በሳምንት ውስጥ ቢጨርሰውም እንኳ መልሱን ሊያደርስ ባልቻለ ነበር። ማእከሉም ሥራውን ለሌላ በሰጠ፣ ያው ኤሌክትሪክም ሁለት ጊዜ በተቃጠለ ነበር። በመዝገቡ ላይ የዚህ ሰው ስም ከሰነፉ ስም አይለይም። የመብራት መቋረጥም እንዲሁ ነው፤ ስሌቱ እስካለበት ድረስ በየጊዜው በዲስክ ላይ የማይመዘገብ ከሆነ መብራት በጠፋ ቍጥር የተሠራው ይፈርሳል።

ጉዳዩ የነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሳይንስ ሥራ የሚሳተፈው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በአንድ የቀን ቍጥር ሊወሰን መቻሉ ነው።

፯. መደምደሚያ

የተሻለ መንገድ እንዳለ ጊምፕስ ያሳያል። በዚያ ኮምፒዩተሩ የት እንደ ደረሰና መቼ እንደሚጨርስ በየጊዜው ለማእከሉ ያስታውቃል። ከ2014 ጀምሮ በወጣው ደንብ ደግሞ የሁሉን ግስጋሴ የሚይዙትን ትናንሾቹን ቍጥሮች የሚወስድ ሰው አጭር ጊዜ፣ ማንንም የማያስጠብቁትን ትላልቆቹን የሚወስድ ሰው ረጅም ጊዜ ይሰጠዋል። ገደቡ ከነምክንያቱ ስለ ተነገረ ሰው አቅሙን አይቶ ይመርጣል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት አስተያየቶች እናቀርባለን። አንደኛ፣ ፕሮጄክት ሁሉ የገደቡን ምክንያት ከሥራው ጋር ይግለጽ፤ የሥራው ሰንሰለት እንደ ሆነ ሰንሰለት፣ የመዝገቡ ጥበት እንደ ሆነ ጥበት ይበል። ሁለተኛ፣ ረጅም ሥራ የሚያድሉ ሁሉ በከፊል የተሠራውን የሚቀበሉበት መንገድ ያብጁ። ሦስተኛ፣ በጎ ፈቃደኛው ሊጨርስ ከሚችለው በላይ አያከማች፤ የማይጨርሰውንም ገደቡ እስኪያልፍ ከመያዝ ቀደም ብሎ ይመልስ።

ቀጠሮ ማክበር የሁለት ወገን ግዴታ ነው። የተጠራው በሰዓቱ እንዲደርስ የሚጠይቅ ጠሪ፣ ስለ ምን እንደ ቸኮለ መናገር ይገባዋል።