ከሚበልጥ ጓደኛ ጋር ስለ መኖር፤ «የፒያኖ ዱር» የተባለውን ፊልም አይቼ የጻፍሁት

ቅናትና ምቀኝነት በንግግራችን ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይነገራሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ምቀኛ የሚባለው በሌላው ሰው እጅ ያለው መልካም ነገር ወድቆ እንዲሰበር የሚመኝ ነው፤ እርሱ ራሱ ባያገኘውም ግድ የለውም። ቀናተኛ ግን ያ መልካም ነገር ለእርሱም እንዲደርሰው የሚናፍቅ ነው። «መንፈሳዊ ቅናት» የሚለው አነጋገር የተፈጠረውም ይህንኑ ሁለተኛውን ከፊተኛው ለመለየት ይመስለኛል። ይህን ማንሳቴ የቃላት ፍቺ ለማስተማር ፈልጌ አይደለም። ጃፓኖች ስለ ሁለት ፒያኖ መቺ ልጆች በሥዕል የሠሩትን አንድ ተከታታይ ፊልም ካየሁ በኋላ፥ እርሱኑ ካዩ ወጣቶች ጋር በተነጋገርሁ ጊዜ፥ አብዛኞቹ ከሁለቱ ልጆች አንደኛውን «ምቀኛ ነው» ብለው ሲፈርዱበት ስለ ሰማሁ ነው። ፍርዱ ትክክል አልመሰለኝም፤ ምክንያቴንም በሚከተለው አቀርባለሁ።

ፊልሙ «የፒያኖ ዱር» ይባላል። መሠረቱ በ1998 ተጀምሮ በ2015 የተፈጸመው የማኮቶ ኢሺኪ የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ2007 የልጅነቱ ታሪክ ብቻ ተወስዶ አንድ ራሱን የቻለ ፊልም ሆኖ ነበር። በ2018ና በ2019 ደግሞ ኤን ኤች ኬ የተባለው የጃፓን ማሰራጫ ድርጅት ታሪኩን እስከ ፍጻሜው በ24 ክፍሎች አድርጎ በቴሌቪዥን አሳየው። እኔ የምናገረው በይበልጥ ስለዚህኛው ነው።

ካይ ኢቺኖሴ የሚኖረው በአንድ ዱር ጫፍ በሚገኝ፥ ሴተኛ አዳሪዎችና ወሮበሎች በተሰበሰቡበት ሰፈር ነው። የእናቱም እንጀራ ከዚያው ሰፈር ነው። በዱሩ ውስጥ አንድ የተጣለ ፒያኖ አለ፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የኖረ፥ ለሌላ ሰው እጅ ድምፅ የማይሰጥ፥ ለካይ ብቻ የሚዘምር ፒያኖ ነው። ካይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከእርሱ ጋር እየተጫወተ አደገ። ያስተማረው ሰው የለም፤ በጆሮው የሰማውን ግን ወዲያው ይመታዋል።

ሹሄይ አማሚያ ደግሞ ስሙ የታወቀ ፒያኖ መቺ ልጅ ነው። መልካም ፒያኖ፥ መልካም መምህር፥ የተስተካከለ የልምምድ ሰዓት አለው። ወደ ካይ ትምህርት ቤት ተዛውሮ በመጣ ጊዜ፥ ልጆቹ እንግዳነቱን አይተው ሊያስፈራሩት በዱር ያለውን ፒያኖ ካልመታህ ይሉታል። በዚህ ምክንያት ከካይ ጋር ወደ ዱሩ ይሄዳል። ሹሄይ ይሞክራል፤ ፒያኖው ዝም ይላል። ካይ ይቀመጣል፤ ዱሩ በድምፅ ይሞላል። ሁለቱ ጓደኛሞች የሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሹሄይም መከራ የጀመረው ከዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ብዙ ተመልካች ይህን ታሪክ የሚወድደው የተፈጥሮ ስጦታ ከትምህርት እንደሚበልጥ የሚያስረዳ ስለሚመስለው ነው። ሳይማር የሚያውቅ ልጅ ማየት ደስ ያሰኛል፤ በተለይም ለፈተና መማር ለሰለቸው ወጣት። ይሁን እንጂ ፊልሙ ራሱ ይህን አሳብ አያጸናለትም። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህር ሶስኬ አጂኖ ቀድሞ ዓለም ያወቀው ፒያኖ መቺ ነበረ፤ በመኪና አደጋ እጮኛውን አጣ፥ ግራ እጁም ተጎዳ፥ ከዚያ በኋላ ከመድረክ ራቀ። በዱር የተጣለውም ፒያኖ የእርሱ ነበረ። አንድ ቀን ካይ መምህሩ የሾፓንን አጭር ዋልስ ሲመታ ይሰማና ወደ ዱሩ ሮጦ ሊመታው ይሞክራል። አልሆነለትም! ጆሮው ያውቀዋል፥ ጣቱ ግን አይደርስበትም። ማንንም መለመን የማይወድደው ልጅ ወደ መምህሩ ተመልሶ አስተምረኝ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው፤ መምህሩም ዋልሱን ከመስጠቱ በፊት አሰልቺውን የጣት ልምምድ ያሸክመዋል።

እንግዲህ አንዱ በስጦታው፥ ሌላው በድካሙ የሚኖር አይደለም፤ ሁለቱም ይደክማሉ። የሚለያዩት በሚደክሙለት ነገር ነው። ካይ የሚደክመው ዋልሱን ስለ ወደደው ነው። ሹሄይ የሚደክመው መጀመሪያ አባቱን ለመምሰል፥ በኋላም ከካይ ላለማነስ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለቱም በተማሪዎች የፒያኖ ውድድር ላይ ይቀርባሉ። ካይ በዚያው ቀን ከፍርሃት የተነሣ የምትንቀጠቀጥ አንዲት ተወዳዳሪ ልጅ አግኝቶ ያረጋጋታል፤ ተፎካካሪው እንደ ሆነች ትዝም አይለው። በመድረክ ላይ ደግሞ የመምህሩን አመታት መከተሉን ትቶ የራሱን ይመታል፥ አዳራሹንም ያስደንቃል። ዳኞቹ ግን ጣሉት። ሹሄይ አለፈ። ዳኞቹን የሚረግም ተመልካች ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልረግማቸውም። ለተማሪ የሚደረግ ውድድር በይበልጥ የሚመዝነው በኖታው የተጻፈው በታማኝነት መመታቱን ነው፥ እነርሱም ሚዛናቸውን ጠበቁ። የሚያሳዝነኝ ያለፈው ልጅ ነው። ሹሄይ የተሸለ የመታው ማን እንደ ሆነ ከዳኞቹ ይልቅ ያውቃል። ሽልማቱን ይዞ፥ ሰው ሁሉ እያመሰገነው፥ ውስጡ ግን ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚመለስ የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ አስቡት። እንደዚህ ያለውን መራራ ድል በታላላቆቹ ልብ ወለዶች ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ አላገኘሁም።

ታዲያ ይህ ልጅ ምቀኛ ነውን? ምቀኛ የጓደኛውን ችሎታ ይሸሽጋል፤ ሹሄይ ግን ካይ በውድድሩ እንዲገባ ራሱ የሚፈልግ ነበረ። ምቀኛ ባላንጣው ሲወድቅ እፎይ ይላል፤ ሹሄይ ካይ በወደቀ ጊዜ ከራሱ ከካይ ይልቅ ተጎዳ። ከዓመታት በኋላም ሁለቱ በፖሎኝ አገር በዋርሶ ከተማ በሚደረገው ታላቅ የሾፓን ውድድር ላይ ሲገናኙ፥ ካይ የሌለበት ድል ለሹሄይ ድል አይደለም። ይህ ሁሉ የምቀኛ ጠባይ አይመስለኝም።

ሆኖም ከጥፋት ነጻ ነው አልልም። ጥፋቱ ጆሮውን ለሌላ ሰው ማበደሩ ነው። ፒያኖ ፊት በተቀመጠ ቁጥር የራሱን ድምፅ መስማት ትቶ በዚያ የሌለውን የካይን ድምፅ ያደምጣል። በዋርሶ ጣቶቹ አንዲት ስሕተት ሳያሳዩ ይሮጣሉ፤ ነገር ግን የሚመታው ለማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ከመጨረሻው ዙር ሳይደርስ ይቀራል። እናንተ ወጣቶች በክፍላችሁ ውስጥ ሁልጊዜ አንደኛ ከሚወጣው ጓደኛችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ወረቀት ከማየታችሁ በፊት የእርሱን ማርክ ለማየት አንገታችሁን ስትሰግጉ ራሳችሁን ይዛችሁ ከሆነ፥ የሹሄይን በሽታ ታውቁታላችሁ።

በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በጥልቀት የታሰበው ግን የአባቱ ነገር ነው። ዮይቺሮ አማሚያ በወጣትነቱ የአጂኖ ጓደኛና ተፎካካሪ ነበረ፤ ሁልጊዜም በእርሱ ጥላ ሥር ኖረ። አጂኖ በአደጋው ምክንያት ከመድረክ ሲጠፋ፥ አማሚያ በጃፓን አንደኛ ተባለ። ይህ አንደኛነት ምን ዓይነት እንደ ሆነ አስተውሉ። ጓደኛውን አሸንፎ ያገኘው አይደለም፤ ጓደኛውም ስለ ቆሰለ ተመልሶ ሊገጥመው አይችልም። ማስተዛዘን አለበት፥ ደስ እንዳይለውም ያፍራል፥ ቦታውን ግን ይዟል። ይህን ሸክም ለልጁ በቃል አልነገረውም፤ ልጁ ግን ወረሰው። ሀብት ሲወረስ ምስክር ይቆማል፥ ወረቀት ይጻፋል፤ እንደዚህ ያለው ነገር ግን በማዕድ ላይ በዝምታ ይተላለፋል። ሹሄይ የሚለቀቀው አባቱ የራሱን የወጣትነት ቅናት በገለጠለት ጊዜና እርሱም በበኩሉ ለብዙ ዓመት በልቡ የያዘውን ለካይ ፊት ለፊት በተናገረ ጊዜ ነው። ምቀኝነት እንዲህ ተብሎ ለባለቤቱ አይነገርም፤ ከጀርባ ይሠራል እንጂ። ቅናት ግን ሊነገር ይችላል፥ ጓደኝነት ካለ።

ስለ ዋርሶው ውድድር ጥቂት ልጨምር፤ ታሪኩ ተረት ቢሆንም ውድድሩ ተረት አይደለምና። በ1927 የተመሠረተ ነው፥ አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል፥ ተወዳዳሪዎቹም ከሾፓን ድርሰት በቀር ሌላ አይመቱም። ከታሪኩ ጋር የሚመሳሰል ነገርም ደርሶበታል። በ1955 ፖላንዳዊው አዳም ሃራሼቪች አንደኛ፥ ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ቭላዲሚር አሽኬናዚ ሁለተኛ በሆኑ ጊዜ፥ ከዳኞቹ አንዱ ታላቁ ሚኬላንጄሊ በፍርዱ ላይ አልፈርምም አለ። በ1980 ደግሞ ኢቮ ፖጎሬሊች የተባለው ወጣት እንደ ልቡ በመምታቱ ከመጨረሻው ዙር በፊት ሲጣል፥ በ1965 ያሸነፈችው ማርታ አርገሪች ከዳኝነት ወንበሯ ተነሥታ ሄደች። በዚያው ዓመት አንደኛ የወጣው የቬትናሙ ዳንግ ታይ ሶን መሆኑን ግን ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ያስረሳል፤ እርሱ ከእስያ የመጀመሪያው አሸናፊ ነበረ። የአሸናፊውን ስም ከተሸናፊው ስም በታች የሚያስቀምጥ ዝና እንዳለ ሹሄይ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ይህንም የምታስደንቅ ነገር ስሙ። በ2007ቱ ፊልም የሚሰማውን ፒያኖ የመታው በ1955 ሁለተኛ የወጣው አሽኬናዚ ራሱ ነው። በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ደግሞ ለየባሕርያቱ የተለያዩ እውነተኛ ሙዚቀኞች ተመድበው፥ የመምህሩን የአጂኖን ድርሻ ክዮሄይ ሶሪታ፥ የሹሄይን ሪዮማ ታካጊ መቱላቸው። ይህ ሶሪታ በ2021 እውነተኛው የዋርሶ ውድድር ቀርቦ ሁለተኛነቱን ከአሌክሳንደር ጋጂየቭ ጋር ተካፈለ። በዚያው ውድድር አራተኛ የወጣችው አይሚ ኮባያሺ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃት ነበረች። ሁለቱም በአንድ መድረክ ላይ በየተራ ተቀምጠው ተወዳደሩ፤ በ2023 መጋባታቸውን ለሕዝብ አስታወቁ። ደራሲ ይህን ጽፎ ቢሆን ኖሮ አበዛኸው ባልሁት።

አሁን ደግሞ የፊልሙን ጉድለት ልናገር፤ ማመስገን ብቻ ትችት አይባልምና። ልጆቹ ፒያኖ ሲመቱ የሚታየው ሥዕል በኮምፒዩተር የተሠራ ስለ ሆነ አካላቸው እንደ አሻንጉሊት ይደርቃል፤ ድምፁ ሲበርር ሥዕሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለተኛው አጋማሽ በተወዳዳሪ ብዛት ተጨናንቋል፤ እያንዳንዱ ወደ መድረክ ሲወጣ አሳዛኝ የልጅነት ታሪኩን ይዞ ይወጣልና፥ ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ሐዘኑ ራሱ ውድድር ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው ግን የካይ ነገር ነው። ደራሲው ለካይ ሁሉን ሰጠው፤ ስጦታውን፥ መምህሩን፥ የሕዝቡን ፍቅር፥ በመጨረሻም የዋርሶውን አንደኛነት። በልቡ የሚታገለው ነገር ግን አልሰጠውም። ካይ በማንም አይቀናም፥ ማንንም አይጠላም። እንዲህ ያለው ሰው ለመስማት ደስ ይላል እንጂ ለመከተል አያመችም፤ ከዱር የወጣ መልአክ ነው፥ መልአክ ደግሞ በፈተና አዳራሽ ውስጥ ከጎናችን አይቀመጥም።

አንድ ነገር ብቻ ለካይ እመሰክርለታለሁ። ጓደኛው እንዳይከፋው ብሎ ችሎታውን ዝቅ አድርጎ አይመታም። አንዳንድ ደግ ሰዎች ከወዳጃቸው ጋር ሲሆኑ የሚያውቁትን እንደማያውቁ ይሆናሉ፤ ይህ ትሕትና ይመስላል፥ ወዳጁ በነቃ ጊዜ ግን ከስድብ ይቆጠራል። ካይ ለሹሄይ ያለውን ሁሉ ሳይቀንስ መታለት። ሹሄይ የቆሰለው በዚህ ቢሆንም፥ የተከበረውም በዚህ ነው።

ፊልሙን ለማየት የሚፈልግ የመጀመሪያዎቹን 12 ክፍሎች ሳይቸኩል ይይ፤ የቀሩትን ሲደርስ የአንዳንዱን ተወዳዳሪ ታሪክ ቢያልፈው ብዙ አይጎዳም። ካይ ፒያኖ ፊት በሚቀመጥበት ጊዜ ሁሉ ግን ዓይኑን ከካይ ጣቶች ላይ አንሥቶ፥ ሹሄይ የሚያዳምጥ እንደ ሆነ፥ የሹሄይን ፊት ይመልከት።