ስም እንደ ዕጣ ይወጣል እንዴ?

ማቲው ሐን እና አሌክሳንደር ቤንትሊ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ሕፃናትን ስም መርምረው ደፋር ሐሳብ አቀረቡ። ጥቂት ስሞች የሚገኑት ስለተሻሉ ላይሆን ይችላል፤ መቀዳዳት ብቻ ይበቃል። ወላጅ ሁሉ ከአንድ ከረጢት በዕጣ ስም እያወጣ ይሰጣል እንበል፤ አልፎ አልፎ አዲስ ስም ይጨመራል። በቃ! ከጊዜ በኋላ አንዱ ስም በአጋጣሚ ይበዛል፣ ሌላው ይጠፋል።

ሞዴሉ ወላጆች ምክንያት የላቸውም አይልም። ምክንያቶቻቸው ሲደማመሩ ዕጣ ይመስላሉ ነው የሚለው። ቀላል ስለሆነ እወደዋለሁ። ግን ሁለት ማሽኖች አንድ ዓይነት ውጤት ስለሰጡ ውስጣቸው አንድ ነው አይባልም። ልጅ ሞቶበት ቀጣዩን «ምትኩ» ያለ አባት ዕጣ አላወጣም። ደግሞስ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በሚነገርባት ድሬዳዋ ከረጢቱ አንድ ነው እንዴ?

እናንተው ፈትኑት። እኛ ጋ ከልጁ ስም ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የአያት ስም ይመጣል። «ናታን ታደሰ ወልዴ» ስትሉ የሦስት ትውልድ ምርጫ ተደርድሯል ማለት ነው። የክፍላችሁን የስም ዝርዝር ያዙና ቁጠሩ፦ ከአያቶቹ ስሞች ስንቱ ወደ ልጆቹ ተመለሰ? የትኛው ቋንቋ ውስጥ?

አንድ ጉድለት ግን አለው፤ እናቶችና ሴት አያቶች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስማችሁን ያወጡት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፦ ማን አወጣው? ለምን?