የተሰበረ ሥዕልና የጠጋኞቹ መዝገብ

ማደስና መጠገን በአማርኛችን አንድ አይደሉም። የሚያድስ ሰው አሮጌውን አዲስ ያደርገዋል፤ የሚጠግን ግን፣ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት እንደሚጠግን ሁሉ፣ ያለውን አገናኝቶ ያጸናዋል። ሮማ የሚገኘው የኢጣልያ ማዕከላዊ የጥበብ ሥራዎች ጥገና ተቋም ገና ከጅምሩ የመረጠው ሁለተኛውን መንገድ ነው። የተቋሙ የታሪክ መዛግብትም ሊመዘኑ የሚገባቸው በዚሁ ምርጫ ነው ብለን እናምናለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተቋሙ የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ የነበረው ጁልዮ ካርሎ አርጋን ባቀረበው ሐሳብ በ1939 ሲሆን፣ በሩን የከፈተው በ1941 ነው። የመጀመሪያው ዲሬክተር ቼዛሬ ብራንዲ ነበር። በዘመኑ የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ምሥረታውን ያስፈጸመው ጁዜፔ ቦታይ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም፤ በ1936 ፋሺስቶች አዲስ አበባን እንደያዙ ለጥቂት ሳምንታት የከተማይቱ ገዥ ተብሎ የተሾመው እርሱ ነው። የራሱን ሥዕል ለመጠገን እንዲህ የተጨነቀ መንግሥት በ1937 የአክሱምን ሐውልት ጭኖ ወደ ሮማ መውሰዱን የታሪክ መምህር ሊዘነጋው አይችልም። የጠጋኞቹን ሥራ ግን በሹሞቻቸው ኃጢአት ሳይሆን በራሱ ሚዛን እንየው።

የብራንዲ ሕግ ባጭሩ ይህ ነው፤ የተጠገነው ሥዕል ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሆኖ ይታይ፣ ቀርበው ሲመረምሩት ግን የጥንቱ ሠዓሊ እጅና የጠጋኙ እጅ ይለይ። ለዚህም የጎደለውን ቦታ በቀጫጭን ቁም መስመሮች በውሃ ቀለም የመሙላት ዘዴ ተፈጠረ። እንግዲህ መዝገቡም የዚሁ ሕግ ተከታይ ነው። ከጥገናው በፊት፣ በጥገናው ጊዜና ከዚያ በኋላ የተነሡት ፎቶግራፎች፣ በራጅ የታየው የሥዕሉ ውስጥ፣ ምን እንደ ተነካና በምን እንደ ተነካ የሚገልጸው ጽሑፍ፣ ሁሉም ጠጋኙ ለሚመጣው ትውልድ የሚሰጠው የምስክርነት ቃል ነው። መዝገብ የሌለው ጥገና፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ምስክር እንደሌለው ውል ነው።

ይህ ሕግ በእሳት የተፈተነው በ1944 ነው። በዚያ ዓመት በቪቴርቦ ከተማ የሎሬንሶ ዳ ቪቴርቦ የግድግዳ ሥዕሎች በቦምብ ተሰባበሩ። ከ20 ሺህ በላይ ስብርባሪ ተለቅሞ ወደ ተቋሙ ተላከ፤ ጠጋኞቹም የድሮ ፎቶግራፎችን በሥዕሉ ልክ አጉልተው ስብርባሪዎቹን በየቦታቸው መለሱ። ሥራው ሠመረ።

የፓዶቫው ነገር ግን ከዚህ የከፋ ነበር። አንድርያ ማንቴኛ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ በ1448 መሳል የጀመረበት የኦቬታሪ ጸሎት ቤት፣ በኤረሚታኒ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ማርች 11 ቀን 1944 በቦምብ ፈረሰ። ቀደም ሲል ከግድግዳው ተላቀው ሌላ ቦታ ከተቀመጡት ጥቂት ትዕይንቶች በቀር የተረፈው ከ80 ሺህ በላይ ስብርባሪ ነው፤ እርሱም ቢገጣጠም ከግድግዳው ጥቂቱን ብቻ ይሸፍናል። በብራንዲ ዘመን ጥቂቱ ተሞከረ፤ ብዙው በሣጥን እንዳለ ቀረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተቋሙ ስብርባሪዎቹን አጥቦ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ አነሣቸው። ከዚያም የፓዶቫ ሊቃውንት እያንዳንዱን ቁራጭ ከጦርነቱ በፊት ከተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ጋር በኮምፒዩተር እያስተያዩ ቦታውን ፈለጉለት። በ2006 ሥዕሉ ወደ ግድግዳው ሲመለስ፣ የጎላው ግራጫ ፎቶግራፍ መደብ ሆነ፣ ባለቀለሞቹ ቁርጥራጮች በየቦታቸው በላዩ ተቀመጡ።

ነቀፌታችን እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ከመደርደሪያው ወርዶ ግድግዳው ላይ ወጥቷል፤ ምስክሩ የባለጉዳዩን ቦታ ይዟል ማለት ነው። ተመልካቹ ታሪኩን የሚያነበው ከፎቶግራፉ ነውና የማንቴኛ እጅ የነካቸው ቁርጥራጮች በግራጫ ጨርቅ ላይ እንደ ወደቀ ነጠብጣብ ሊመስሉት ይችላሉ። በዚያም ላይ ፎቶግራፉ ቅርጹን እንጂ ቀለሙን አያውቅም። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ቦምብ ይመጣል ብለው አላነሡም፤ እነርሱ አጉልተው ያነሡት ዳነ፣ ያደበዘዙት ጠፋ። ቦታ ያላገኘ ቁራጭ ሁሉ ዋጋ የሌለው ነው ማለት አይደለም፤ ከፎቶግራፉ ጋር ለመግጠም አልታደለም ማለት ብቻ ነው።

ታዲያ ቢቀለም ይሻል ነበርን? እንዲህ የሚሉ አይጠፉም፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ለግራጫው ሁሉ ቀለም መፈልሰፍ አያቅተውም። እኛ ግን አንስማማም። የተፈለሰፈው ቀለም ለዓይን ቢጥምም የማንቴኛ አይደለም፤ የግራጫው ጉድለት ግን ጉድለት መሆኑን አይሸሽግም። ጉድለቱን ማየት ቅር ያሰኛል፤ ቅር መሰኘቱም ተገቢ ነው፤ እዚያ ግድግዳ ላይ የወደቀው ቦምብ ነዋ!

በክፍል ውስጥ የምናሳየው የመጽሐፍ ሥዕል ግን ብዙውን ጊዜ እንከን የለሽ ነው። ተማሪው ያየው የቱ ጥንታዊ፣ የቱ የተሞላ እንደሆነ የሚነግረው የለም። የቪቴርቦን ወይም የፓዶቫን ሥዕል ከጥገናው በፊትና በኋላ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ከዚህ ውስጥ በእርግጥ የሠዓሊው የሆነው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣዋል። ጥያቄው ለኪነ ጥበብ መምህር ብቻ የተተወም አይደለም። የኬሚስትሪ መምህር ስለ ልስኑና ስለ ቀለሙ፣ የሒሳብ መምህር ደግሞ አንድ ቁራጭ በስንት አቅጣጫ ዞሮ ሊገጥም እንደሚችል ብዙ የሚያስተምሩበት ነው። ለመጀመር ሁለት ፎቶግራፍ ይበቃል፤ አንዱ ከ1944 በፊት፣ ሌላው ከ2006 በኋላ የተነሣ።